ማተብ ያሰሩ ዶሮዎች

ልጅ ሳለሁ ዶሮ ሃይማኖት እንዳለው ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። የእኛዎቹ ዶሮዎች ማተብ ያስሩ ነበር፣ ሁዳዴንም ይጾሙ ነበር። የእትዬ ቀመሪያ ዶሮዎች ደግሞ ማተብ የላቸውም፣ የሁዳዴም ነገር አይመለከታቸውም። በመካከላቸው የሽቦ መረብ ነበር እንጂ ጠብ አልነበረም። በመረቡ ቀዳዳ ምንቃራቸውን አሾልከው ሲተያዩ ሳይ፣ ጥሩ ጎረቤት ማለት ይኸው ነው እል ነበር።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያየችውን የምትተረጉመው በምታውቀው ነው፤ እኔ ደግሞ ከጾምና ከማተብ ሌላ ብዙ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም። ዶሮዎቹ በእርግጥ የእኛና የእነሱ ተብለው ተለይተው ነበር፤ የተለዩበትን ምክንያት ነው የሳትኩት።

ሼዱ መካኒሳ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮብልስቶን ጫፍ ላይ ነበር። ወረዳው ለተደራጁ ሴቶች የሰጠው የቆርቆሮ ቤት ነው። ሲጀምሩ ብዙ ነበሩ ይባላል። አንዷ ዓረብ አገር ሄደች፣ አንዷ አገባች፣ ሌሎቹ ደግሞ ዕድሜያችንን ከዶሮ ኩስ ጋር አንፈጅም ብለው ተዉት። መጨረሻ ላይ እናቴ ወጋየሁና እትዬ ቀመሪያ ብቻ ቀሩ። ሼዱን በጣውላ ለሁለት ከፈሉት፤ በአንዱ ወገን እናቴ እንጉዳይ ታበቅላለች፣ በሌላው ቀመሪያ የሥጋ ዶሮ ታሳድጋለች፣ የተገኘውን እኩል ይካፈላሉ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከቤታችን ይልቅ የጅቡቲን መንገድ ነበር የሚያውቀው፤ ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ወደ ሼዱ ነው። ቀመሪያን እትዬ የምላት ለወጉ እንጂ እንደ እናቴ «አንቺ» እያልኳት ነው ያደግሁት፤ ያዘለችኝም ያጠበችኝም እሷ ናት። ልጇ ዑስማን በትንሽ ይበልጠኛል፤ ስንጣላም ስንታረቅም አብረን ነበርን።

የእናቴ ክፍል ጨለማ ነው። ገለባውን በበርሜል ቀቅላ፣ ዘሩን ቀላቅላ፣ በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቃ በገመድ ታንጠለጥለዋለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገለባው ውስጥ ነጭ ድር ያደራል፤ ከዚያ በከረጢቱ ቀዳዳ እንጉዳዩ ጆሮ መስሎ ብቅ ይላል። ክፍሉ በጋም ቢሆን ሐምሌ ሐምሌ ይሸት ነበር። እናቴ ውኃ እየረጨች በከረጢቶቹ መሀል ስትዞር ሕፃን የተኛበት ቤት የገባች ይመስል በእግር ጣቷ ነበር የምትራመደው። እንጉዳዩ ሲቆረጥ ለስላሳው ጃንጥላ ለሆቴልና ለሱፐርማርኬት ይሄዳል፤ ጠንካራው እግሩ ግን ገዢ የለውም። ደጋግሞ ያፈራው ከረጢትም ሲደክም ይወጣል። እግሩና የደከመው ገለባ ከሼዱ ጀርባ ይከመራል፣ ዝናብ ሲመታው ይሸታል፣ ጎረቤት ያማርራል።

ያን ዓመት መኖ ተወደደ። በቆሎው ተወደደ፣ ፋጉሎው ተወደደ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ፉርሽካ እንኳ ዋጋው አልቀመስ አለ። እናቴና ቀመሪያ ሼዱ በር ላይ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ሲነጋገሩ እሰማቸዋለሁ። አንድ ቀን እናቴ፣ ይህ የፋሲካ ዙር ካላዋጣን ቁልፉን ለወረዳው ማስረከባችን ነው አለች። ቀመሪያ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሰጋቱራ በጣቷ ትጭር ነበር። ቁልፉን ሰጥተን የት እንደምንሄድ ብጠይቃቸው፣ ሂጂ ተጫወቺ ተባልኩ። ዛሬ ሳስበው መልሱን ሁለቱም አያውቁትም ነበር።

በዚያው ሰሞን የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ጋሽ በፍቃዱ መጡ። ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቃቸው፣ ረጅም ሰው ናቸው። ከሼዱ ጀርባ ያለውን ክምር አይተው አንዱን ከረጢት ቀደዱና አሸተቱት፣ በጣታቸው ፈረፈሩት። ከዚያ ብዙ አወሩ። እኔ የያዝኩት ጥቂቱን ነው፤ ይድረቅ፣ ይፈጭ፣ ይነፋ፤ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው ይጣል፤ ከመኖው ጋር ጥቂት ጥቂት ይግባ እንጂ ብቻውን አይሰጥ፤ ዶሮዎቹንም ለሁለት ለዩዋቸው፣ አለበለዚያ የጠቀመውንና የጎዳውን አታውቁም። ሲወጡ እየሳቁ፣ ቢሳካ የመከርኳችሁ እኔ ነኝ፣ ባይሳካ ግን እዚህ ሰፈር ረግጬም አላውቅ አሉ።

ቀመሪያ አልሳቀችም። ለእሷ እንጉዳይ ያው የጅብ ጥላ ነው። ባደገችበት አገር ዝናብ ሲያባራ ሜዳው ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ የነካ ልጅ ይገረፋል፣ የቀመሰ ደግሞ ይቀበራል። እናቴ የምታበቅለውን አብራ ታጠጣለች፣ አብራ ታሽጋለች፣ ተሸክማም ትሸጣለች፤ አንድ ቀን ግን በአፏ ዞሮ አያውቅም።

«ወጋየሁ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን» አለች።

«ቸግሮናል እኮ፣ ቀመሪያ።»

«ጫጩቶቹ ቢያልቁስ?»

«በእኔ ግማሽ ይሞከር። ካለቁ የእኔ ይለቁ። ያንቺ ግማሽ የለመደውን ይብላ።»

ይህ ንግግር ሲደረግ በመካከላቸው ቆሜ ነበር። የገባኝ ግን ጫጩቶቹ የእኛና የእነሱ ተብለው መካፈላቸው ብቻ ነው። እናቴ ያላትን ሁሉ በመረቡ በአንዱ በኩል እንዳኖረችው የገባኝ አድጌ ነው።

መረቡ ተዘረጋ። ትንሽ ጫጩት ግን መረብ አይበግረውም፤ እንዳይቀላቀሉብን ብላ እናቴ የእኛዎቹን እግር ክር አሰረችላቸው። ክሩ ለእኔ ማተብ ከተገዛው ጥቁር ክር የተረፈው ነበር። እኔ ጫጩቱን በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ ልቡ መዳፌ ላይ ድው ድው ይላል፤ እናቴ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ታስራለች። እግራቸው እየወፈረ ሲሄድም ክሩ እንዳይቆርጣቸው እየፈታች ታላላላቸው ነበር። እኔ አንገቴን ዳሰስኩ፣ የጫጩቱን እግር አየሁ፣ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ።

ሁዳዴ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ቤታችን ወተቱ ቀረ፣ ዕንቁላሉ ቀረ፤ እናቴ እንጉዳዩን በሽንኩርትና በዘይት ጠብሳ ታበላኝ ጀመር። ሼዱ ስንሄድ ደግሞ ያንኑ እንጉዳይ፣ እግሩንና የደከመውን ገለባ ጣራ ላይ በሸራ አድርቃ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ ከመኖው ጋር ትቀላቅላለች። የምትቀላቅለው ለባለማተቦቹ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ዶሮዎቻችን ጾመዋል።

እውነቱን ለመናገር ከእንጉዳዩ በቀር የሁለቱም ወገን መኖ አንድ ነበር፤ የአጥንት ዱቄት ሳይቀር ነበረበት። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ለዶሮዎቹ ነፍስ ስል ምርር ብዬ አለቅስ ነበር።

በዶሮዎቼ ኮራሁ። የኔታ ፊት ፊደል እንደቆጠረ ልጅ ደረቴን ነፍቼ መረቡ አጠገብ እቆማለሁ፤ ከቀመሪያ ወገን አንዲት ፍሬ በቆሎ ወደ እኛ ከተስፈነጠረች ሮጬ አነሣታለሁ። ዑስማን ዶሮ አይጾምም ብሎ ተከራከረኝ። የማይጾሙት ያንተዎቹ ናቸው አልኩት። ይህ ከበደውና ሲያስብበት ዋለ፤ ማታ መጥቶ የእኛዎቹ ረመዳን ሲገባ ይጾማሉ አለኝ። ከረመዳን በፊት እንደሚሸጡ ሳስታውሰው ፊቱ ጨለመ። አሳዘነኝና አላህ አሳባቸውን ይቆጥርላቸዋል አልኩት፤ በዚህ ተስማማን።

እሑድ እሑድ እናቴ ከሁለቱም ወገን ዶሮ እያነሣች በፌስታል ታደርግና የእጅ ሚዛን ላይ ታንጠለጥላለች። እኔ ይህን ያየሁት ጾሙ እንዳይጎዳቸው እንደ መንከባከብ ነው። እግዚአብሔር ጾመኛን ስለሚያስብ የእኛዎቹ በልጠው እንደሚገኙ አልተጠራጠርኩም። ሁዳዴ ሲጋመስ እናቴ ሚዛኑን አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ የቀመሪያን ዶሮ አንጠልጥላ እንደገና አየች። «እኩል ናቸው» አለች በሹክሹክታ። ቀመሪያም ጎንበስ ብላ አየች። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ባለችበት ቁጢጥ አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አዘንኩላት። ያን ሁሉ ቀን ጾመው እኩል ብቻ መሆናቸው እንዳስለቀሳት ነው የመሰለኝ።

እኩል መሆናቸው ነበር ድሉ። ከተገዛው መኖ ቀንሳ፣ ሰፈሩ የሚያማርርበትን ክምር ጨምራ፣ ዶሮዎቹ በክብደት ምንም አልጎደሉባትም። እናቴ በዚያች ሰዓት ያለቀሰችው የደስታ ለቅሶ መሆኑን ካወቅሁ ጀምሮ፣ ያችን ቁጢጥ ያለች ሴት በዓይኔ ባመጣኋት ቁጥር እኮራባታለሁ።

ይሁን እንጂ ዶሮ ማሳደግ አንድ ነገር፣ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የፋሲካ ዶሮዎቻችንን ከዓመት ዓመት የሚወስዱት የሰፈሩ የዕድር ሴቶች ናቸው። የአበሻ አውራ ዶሮ ኪስ ሲያደማ፣ የእኛ የፈረንጅ ዶሮ ብዙ ቤት የበዓል ድስት ያስጥድ ነበር። ያን ዓመት ግን አንዷ መጥታ ዘንድሮ ከአገር ቤት ይላክልናል አለች፣ ሌላዋ ዘንድሮ በግ ነው ያሰብነው አለች፣ ሦስተኛዋ ጭራሽ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እናቴ ምክንያቱን ያወቀችው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

የነገሯት እትዬ ናዝሬት ናቸው፤ የዕድሩ ሴቶች ሰብሳቢ፣ ቃላቸው የሚሰማ፣ ከኋላ ከማማት ፊት ለፊት መናገር የሚወዱ ሴት። ሼዱ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ተናገሩ። ጣራ ላይ ሲደርቅ አይቻለሁ፣ የጅብ ጥላ ነው፣ ለዶሮ እየሰጣችሁ ነው አሏት። በአገሬ የጅብ ጥላ ቀላቅሎ የበላ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሲቀበር አይቻለሁና ለልጆቼ አላበላም አሉ። እናቴ እንጉዳዩና የጅብ ጥላው ለየቅል መሆናቸውን አስረዳች፤ እኔንም ጎትታ፣ ይኸው ልጄ ሁዳዴን ሙሉ የምትበላው ይህንኑ ነው አለች። እትዬ ናዝሬት አገላብጠው አዩኝ።

«ትኩሱንስ ትብላ፤ እኔ የምለው ያንን የደከመ ገለባ የበላውን ዶሮ ነው» አሉ። «እስቲ ራስሽ ቀምሰሽ አሳዪን እንዳልልሽ በሁዳዴ አልልሽም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በዓሉ ደርሷል። ታዲያ ምን ይሁን፣ ልጄ?»

እናቴ ማንን ታስቀምስ? የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ ጾመኛ ነው፤ እስላሙ ደግሞ ማን መርዝ ሊሞክር ይመጣል? እትዬ ናዝሬት ከንፈራቸውን መጥጠው ሄዱ። እናቴ ያን ዕለት ጨለማው ክፍል ገብታ ሳትወጣ ዋለች። እኔ በበኩሌ ጅብ ጥላውን ፍለጋ ሊመጣ ነው ብዬ ፈርቼ የሼዱን በር ስጠብቅ አመሸሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀመሪያ ሴቶቹን በሙሉ ደጃችን ጠራቻቸው። ባሏ ጋሽ አብደላ በብስራተ ገብርኤል ያለውን ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ቀመሪያ ወደ ዶሮዎቹ ገባች። ወደ ራሷ ወገን ትሄዳለች ስል መረቡን ተሻግራ ወደ እኛ አለፈች፣ ከሁሉ የወፈረችውን ባለማተብ አንሥታ ለሁሉም አሳየቻቸው። እናቴ አጠገቧ ቆማ ታያለች።

ሰማይና ምድር ተደባለቀብኝ። ማተብ ያሰረች፣ ሁዳዴን የጾመች ዶሮ፣ ያውም ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ በቢስሚላህ ልትታረድ ነው። ጮኼ ወጣሁና የቀመሪያን ቀሚስ ያዝኩ። «ማተቧን ሳትፈቱላት አታርዷትም! እሷ ክርስቲያን ናት!»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። እትዬ ናዝሬት የዶሮዋን እግር አዩ፣ አንገቴን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲገባቸው ሳቁ እየተቀጣጠለ ሄደ። እናቴ እንኳ፣ ከዚያ ሁሉ ሐዘኗ ጋር፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀመሪያ ግን በርከክ ብላ ክሩን በቀስታ ፈታችና በእጄ ላይ አኖረችው።

ጋሽ አብደላ ከአጥሩ ጀርባ ባረካት። ግቢው መሀል ከሰል ተቀጣጠለ፣ ድስት ተጣደ። የዶሮው ሽታ ሲነሣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እያደረጉ፣ ጾማችንን በአፍንጫችን አስገደፍሽን እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንዳቸውም ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም።

ወጡ ሲደርስ ቀመሪያ ሳህኑን ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዑስማን ወዲያው ተለጠፈባት። ጋሽ አብደላም እጁን ሰደደ፤ እጁን መታ አድርጋ መለሰችው። ወደ እናቴ ዞራ፣ «ዑስማንን ያዢልኝ» አለች። እናቴ ያዘችው። ቀመሪያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ የሆነ ነገር አለችና የመጀመሪያውን ቆርጣ ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች። ክንፉን በላች፣ እግሩን በላች፣ ፈረሰኛውን በላች። ዑስማን፣ «ለእኔም! ለእኔም!» እያለ በእናቴ እጅ ላይ ይንፈራገጣል፣ እንባና ንፍጡ ተደባልቋል። አንዲት ጉርሻ አልሰጠችውም። አጥንቱን እንኳ ግጣ ስትጨርስ ሁሉንም ሰብስባ ከሰሉ ውስጥ ጣለችው።

እንዲህ ያለ ስግብግብነት አይቼ አላውቅም። ከጎረቤት የወሰደችውን ዶሮ፣ ያውም ልጇ እያለቀሰ፣ ብቻዋን! ዑስማን ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ተከትዬው ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከኪሴ የደረቀ ቆሎ አውጥቼ አካፈልኩት። እናትህ ሆዳም ናት አልኩት። ዑስማንም እየተናነቀው አዎ አለ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀመሪያ ደጇን ትጠርግ ነበር። ቢጫ ሻሽ አስራለች፣ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች፣ ያለፈ ያገደመውን በስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች። እኔ ግን ጤነኛ ሴትን ሰው ሁሉ ለምን ቆሞ እንደሚያይ አልገባኝም። እትዬ ናዝሬት ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ አገር ሰላም ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አልሐምዱሊላህ አለቻቸው። ሰኞም ደጇን ጠረገች። ማክሰኞ እትዬ ናዝሬት ሼዱ መጡና ለፋሲካ ዶሮ እንዲያዝላቸው ነገሩን፤ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሚሻላቸው ብንጠይቃቸው፣ ክር ያለው ይሁንልኝ፣ እሱን ሲበላ አይቻለሁ አሉ። እሳቸውን አይታ ሌላዋ መጣች። በፋሲካ ዋዜማ መረቡ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር፤ ቁልፉም እናቴ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ዛሬ ሥራው ፉሪ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት መጋዘን። ከየአካባቢው እንጉዳይ የሚያበቅሉ ሴቶች የደከመ ገለባቸውንና እግሩን ያመጡልናል፤ እኛ አድርቀን፣ መርምረን፣ ለዶሮ አርቢ እናዘጋጃለን። መኖን የሚተካ ነው ብለን ለማንም አንዋሽም፤ ጋሽ በፍቃዱ እንዳሉት ከመኖው ጋር ጥቂት ጥቂት ነው የሚገባው። ጆንያው ላይ ወጋየሁና ቀመሪያ ተብሎ ጎን ለጎን ተጽፏል። መኪና ላይ ተጭኖ በጀሞ በኩል ሲያልፍ ካየሁት፣ ታክሲ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር፣ ያቺ ወጋየሁ እናቴ ናት እላለሁ። አታፍርም ይበሉኝ፤ ኩራት ነውና አልደብቀውም።

ሊማሩ የሚመጡ እንግዶች ሲኖሩ ታሪኩን የምትነግረው እናቴ ናት። ስለ ሚዛኑ ትነግራቸዋለች፣ ስለ እትዬ ናዝሬት ትነግራቸዋለች። ከዚያ፣ ቀመሪያ ሚዛኑን አይታ ስላመነች በሰው ሁሉ ፊት በላችልኝ ብላ ትጨርሳለች። ቀመሪያ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ሥራ አይጠፋትም፤ ጆንያ ታስተካክላለች ወይ ስልክ ታነሣለች።

ዓምና ከፋሲካ በኋላ ዑስማን አገባ። ሰርጉ እዚያው ፉሪ ግቢው ውስጥ ነበር፤ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ወጥ ቤት። በእስላሙ ወገን የቀመሪያ እህቶች፣ በክርስቲያኑ ወገን እናቴ አዛዥ ሆና ዋለች። ወደ ማምሻው እንግዳው ሲቀል ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው አንድ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከእግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ዑስማን ሙሽራዪቱን ይዞ መጣና እናቱን ይተርባት ጀመር። ይቺን አማትሽን እንዳታምኛት አላት፤ ልጅ ሆኜ አንድ ሙሉ ዶሮ ዓይኔ እያየ ብቻዋን የበላች ሴት ናት፣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሁላችንም ሳቅን። ቀመሪያ አልሳቀችም።

«የጅብ ጥላ የበላ ዶሮ ነበር እኮ» አለች። «እሞታለሁ ብዬ ነው የበላሁት። ለልጄ ሞት ላጉርሰው?»

ዑስማን ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እናቴ ከተደገፈችበት ቀና አለች።

«ሳታምኚ ነው የበላሽው?» አለቻት። «ሚዛኑን አይተሽ አልነበር እንዴ?»

«ሚዛኑንማ አየሁ። ሚዛን መርዝ ይለካል?»

«ታዲያ ለምን በላሽ፣ ቀመሪያ?»

ቀመሪያ ጥያቄው የገረማት መሰለች። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግሯን እያሻሸች እናቴን አየቻት።

«አንቺ ጾም ላይ ነበርሽ» አለች። «ማን ይብላልሽ?»